በወንፊት የሚቀረው፦ ስለ አሰር የጠየቃችሁን

ስለ ሆድ ድርቀት በዚህ ዓምድ ጥቂት መስመሮች ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት አሰርን የሚመለከቱ ናቸው። አሰር ማለት ፋይበር የሚባለው፣ በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለ፣ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችል ክፍል ነው። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ዓቢይ ጾምን ሙሉ ሽሮና ምስር ስበላ ሆዴ አንድም ቀን አያስቸግረኝም። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ግን እደርቃለሁ፤ ሦስት አራት ቀን ሳልቀመጥ እቆያለሁ። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ስጋ አይስማማኝም ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስጋው አልጠላዎትም፤ የቸገረው ስጋው ሲገባ ከገበታዎ የወጣው ነገር ነው። በስጋ፣ በእንቁላል፣ በአይብ፣ በወተትና በቅቤ ውስጥ አሰር ጨርሶ የለም። 55 ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ጥራጥሬ ሲቀበል የኖረ አንጀት በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ጥብስና ድፎ ዳቦ ብቻ ሲደርሰው የሚሠራበት ያጣል። በዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው አሰር ከሽንኩርቱ የሚገኘው ጥቂቱ ነው። ድፎ ዳቦውም ከፉርኖ ዱቄት ከተጋገረ፣ 100 ግራም ነጭ ዱቄት የሚይዘው 3 ግራም ያህል አሰር ነው፤ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ግን 11 ግራም ገደማ ይይዛል። ልዩነቱ ፉርሽካ ሆኖ ለከብት ሄዷል።

አሰር ውሃ ይዞ በትልቁ አንጀት ውስጥ ያልፋል። ሰገራው የሚለሰልሰውና የሚገዝፈውም በዚሁ ነው፤ የገዘፈው ደግሞ የአንጀቱን ግድግዳ ገፋ አድርጎ እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል። አሰሩ ሲጠፋ ሰገራው ጥቂትና ደረቅ ይሆናል፤ በቆየ ቁጥርም አንጀት ውሃውን እየመጠጠ ይበልጥ ያደርቀዋል። በዚያ ላይ በበዓል ሰሞን ውሃ ይረሳል። ጠላውና ቢራው ውሃን አይተኩም፤ አልኮል እንዲያውም ከሰውነት ውሃ ያስወጣል።

በሚቀጥለው ፋሲካ በቀን አንዱን ገበታ ለጥራጥሬ ይተዉለት። ጠዋት ቅንጬ፣ ወይም ከጥብሱ ጎን አንድ ጭልፋ አዚፋ በቂ ነው። ጎመን በስጋም ከንጹህ ጥብስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሐኪም «አትክልት ብላ» ብሎኝ ሰላጣና ጎመን እያበዛሁ ነው። ምን ያህል እንደሚበቃ ግን አልነገረኝም። (ከአዳማ)

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜው 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ እንዲያገኝ ይመክራል። ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች 21 ግራም፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉት ደግሞ 15 ግራም ነው።

አሁን ሰላጣውን እንመዝነው። 100 ግራም የሰላጣ ቅጠል ያለው አሰር ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ 25 ግራም ለመድረስ ወደ 2 ኪሎ ቅጠል መብላት ሊኖርብዎት ነው። የበሰለ ጎመን ይሻላል፣ በ100 ግራም 4 ግራም ያህል አለው። የተቀቀለ ምስር ወይም የአተር ክክ ግን በዚያው በ100 ግራም 8 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ሽምብራ 7 ተኩል፣ ባቄላ ከ5 በላይ። አሰር ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ ጎመን ይሄዳል፤ በእኛ ገበታ ላይ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ግን ጥራጥሬው ነው።

ጤፍ ሌላው ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባውን ለይቶ መፈተግ አይመችም፤ ስለዚህ የሚፈጨው ከነልባሱ ነው። በ100 ግራም ዱቄት 8 ግራም ያህል አሰር አለው። እንጀራዎ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከያዘ፣ ላዩ ላይ 100 ግራም የበሰለ ምስር ካረፈበት ምሳዎ ብቻውን 16 ግራም ሰጠዎት። ጠዋት ከ60 ግራም ክክ ስንዴ የተሠራ ቅንጬ 7 ግራም ያህል፣ ከሰዓት አንድ ብርቱካን 3 ግራም ቢጨምሩ እራት ሳይደርስ 26 ገባ። በብርቱካኑ ፋንታ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ከቆረጠሙ 5 ወይም 6 ግራም ያገኛሉ። ጎመንዎን አይተዉ፤ ፎሌቱም ሌላው ቫይታሚኑም ያስፈልግዎታል። ግን ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ሆዴ ደርቆ አያውቅም። ክብደት ለመቀነስ እንጀራና ጥራጥሬ ትቼ በእንቁላልና በስጋ እየኖርኩ ነው። ሆዴ ካልደረቀ አሰር ምን ያደርግልኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አሰርን የሆድ ማለስለሻ አድርጎ ብቻ ማየት ትልቁ ስህተት ይመስለናል። ለዚህ ነው ሆዳቸው ያልደረቀ ሰዎች ቀድመው የሚተዉት።

በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄ 185 የረጅም ጊዜ ክትትል ጥናቶችንና 58 የክሊኒክ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው ውጤቱን በ2019 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት አወጡ። ብዙ አሰር የሚበሉት ጥቂት ከሚበሉት ጋር ሲነጻጸሩ በማንኛውም ምክንያት የመሞት፣ በልብ በሽታ፣ በስትሮክ፣ በዓይነት ሁለት ስኳርና በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም በሚበሉት ላይ ነው። የክትትል ጥናት ብቻውን ምክንያትና ውጤትን ቆርጦ አያሳይም፤ ብዙ አሰር የሚበላ ሰው በሌላም ነገር ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሙከራዎቹም ላይ አሰር የጨመሩት ሰዎች ክብደታቸው፣ የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ቀንሷል።

እንዴት እንደሚሠራም ይታወቃል። በገብስና በአጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰር በውሃ ሲሟሟ ዝልግልግ ይሆናል፤ ሐሞትን ይይዝና ከሰገራ ጋር ያወጣል። ጉበት ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ስለሆነ የወጣውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን መጥፎውን ኮሌስትሮል ዝቅ ለማድረግ ይበቃል። ሌላው ሥራ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አሰሩን አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ፣ የአንጀቱን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሴሎች ዋና ምግባቸውም እሱ ነው። አሰር ያጣ አንጀት ሴሎቹን ያስርባል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ጉዳይ ከአፍሪካ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በኡጋንዳ ለረጅም ዓመታት የሠራው የአየርላንዱ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ በአውሮፓ ሆስፒታሎች የተለመዱ የትልቁ አንጀት በሽታዎች በገጠር አፍሪካውያን ላይ እንደማይበዙ አስተውሎ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር የሁለቱን ሕዝቦች ሰገራ መዝኖ፣ ምግብ በሆድ የሚቆይበትን ጊዜ ለክቶ አነጻጽሯል። የገጠሩ ሰው ሰገራ ከባድ፣ ጉዞውም ፈጣን ነበር።

ክብደት መቀነስ ከፈለጉ የሚቀንሱት ነጭ ዳቦውን፣ ስኳሩንና ዘይቱን ነው። ምስር ሆድ ይሞላል፣ ቶሎ አያስርብም፣ ፕሮቲንም አለው። መጀመሪያ እሱን ማስወጣት አይገባም ነበር።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላሚድ እወስዳለሁ። ነጭ ጤፍ ትቼ ቀይ ብበላ ስኳሬ ይወርዳል? ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ የአብሽ ውሃ እጠጣለሁ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ነጩም ቀዩም የሚፈጨው ከነልባሱ ነው። በአሰር በኩል ስኳርዎን የሚለውጥ ልዩነት የላቸውም፤ ስለዚህ ለቀለሙ ተጨማሪ ብር አያውጡ። ለውጥ የሚያመጣው የእንጀራው ልክ ነው። ጥሩ እህልም ቢሆን ጤፍ ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ ስኳር ይሆናል። ሳህንዎን በዓይንዎ አራት ቦታ ይክፈሉት፤ ሁለቱን እጅ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ይያዙት፣ አንዱን እጅ ምስር፣ ክክ ወይም ስጋ፣ የቀረውን አንድ እጅ ብቻ እንጀራ። የጥራጥሬው አሰር ምግቡ ከጨጓራ ቀስ እያለ እንዲወጣና ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ልዩነቱን ማየት ከፈለጉ ያው እንጀራ ሆኖ አንድ ቀን በብዙ ምስር፣ ሌላ ቀን በጥቂት ወጥ ይብሉና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩት።

ጁስ ይተዉ፤ ፍሬውን ይብሉ። ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ያህል ብርቱካን ይጨመቃል፤ አሰሩ ማጥለያው ላይ ቀርቶ የሦስቱ ስኳር ብርጭቆው ውስጥ ይገባል። «ጥቁር ዳቦ» የሚባለውንም ይጠይቁ፤ ቀለሙ የጠቆረ ሁሉ ከነፉርሽካው የተጋገረ አይደለም።

ስለ አብሽ አጥብቀን የምንነግርዎ አለ። አብሽ የሚሟሟ አሰር በብዛት ስላለው ስኳርን ጥቂት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ግሊበንክላሚድም ስኳር ያወርዳል። ሁለቱ በባዶ ሆድ ሲገናኙ ስኳርዎ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ከተሰማዎት ወዲያው ስኳር የገባበት ነገር ይጠጡ። አብሹን ከምግብ ጋር ያድርጉት፣ መጠኑን አንድ ዓይነት ያድርጉ፣ ለሐኪምዎም ይንገሩ። ኪኒኑን በአብሽ ለመተካት አያስቡ። እርጉዝ ሴቶችም አብሽ በመድኃኒት መጠን አይውሰዱ፤ ወጥ ውስጥ የሚገባው ጥቂቱ ግን አያስጨንቅም።

ጥያቄ፦ ተልባ አመስ አድርጌ፣ ወቅጬ፣ በውሃ በጥብጬ በጨርቅ አጠልና እጠጣለሁ። ልክ ነኝ? (ከደሴ)

መልስ፦ ማጥለሉን ይተዉት። ዝልግልጉ ውሃ ውስጥ ቢቀርም ሰገራን የሚያገዝፈው ልባስ ጨርቁ ላይ ነው የሚቀረው። መውቀጥዎ ትክክል ነው፤ ድፍኑ ተልባ ሳይፈጭ ገብቶ ሳይፈጭ ይወጣል። አመሳውን ለስለስ ያድርጉ፣ ሽታው ሲመጣ ያውርዱት፤ ካረረ ዘይቱ ይበላሻል። የተወቀጠውም ቶሎ የተበላሸ ጣዕም ስለሚያመጣ፣ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ አዘጋጅተው በተከደነ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩ።

በትንሽ የሻይ ማንኪያ ጀምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያሳድጉ፤ እሱ 2 ግራም ያህል አሰር ነው። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጠው ሳይወፍር ይጠጡት፤ በላዩ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ይድገሙ። ደረቁን መቃም አደገኛ ነው፤ ጉሮሮ ወይም አንጀት ውስጥ ውሃ ስቦ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። መዋጥ የሚያስቸግረው ወይም አንጀቱ ጠቦ የታከመ ሰው አይሞክረው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በመካከል 2 ሰዓት ይተዉ፤ የእንቅርት ሆርሞን ኪኒን ከሆነ 4 ሰዓት።

ጥያቄ፦ ጥራጥሬ ስበላ ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል። ሽሮ እንኳ አልችልም። (ከጎንደር)

መልስ፦ ጥራጥሬ ውስጥ ትንሹ አንጀት የማይፈጫቸው የስኳር ዓይነቶች አሉ። ትልቁ አንጀት ደርሰው ባክቴሪያ ሲያብላላቸው ጋዝ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሰው ጥራጥሬ ትቶ ቆይቶ ድንገት በብዛት ሲመለስ ነው። ስለዚህ በግማሽ ጭልፋ ይጀምሩ፣ በየሦስት አራት ቀኑ ጥቂት ይጨምሩ፤ በሳምንት ከ5 ግራም አሰር በላይ አይጨምሩ። አብዛኛው ሰው በሁለት ሦስት ሳምንት ይለምዳል።

ባቄላና ሽምብራን ቢያንስ ለ8፣ ቢበዛ ለ12 ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉ፣ የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉ፣ በአዲስ ውሃ ይቀቅሉ። በዘፈዘፉበት ውሃ መቀቀል ጋዝ የሚያመጣውን ስኳር መልሶ ድስት ውስጥ መክተት ነው። በቆልት አድርገው ካበቀሉት ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ሽሮን መዘፍዘፍ አይቻልም፤ ያለው መላ ልኩን ማሳነስና በትንሽ እሳት ጊዜ ሰጥቶ በደንብ ማንተክተክ ነው፤ ተንተክትኮ ዘይቱን ያልተፋ ሽሮ ጥሬነት አለው። ለመጀመሪያ የምስር ክክ ይስማማዎታል።

የሚነፋዎት ወተት እንዳይሆንም ለአንድ ሳምንት ወተቱን ብቻ አቁመው ይዩት። ሆድ በተነፋ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት የአሜባ መድኃኒት እየገዙ መዋጥ ግን ይቅር። ሰገራ ይመርመሩ፤ ከተገኘ ይታከማሉ፣ ካልተገኘ ደግሞ ያለ ጥቅም የሚውጡት ኪኒን ለአንጀት የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ደም፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ቀጠሮ ሳያራዝሙ ይታዩ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ሰው ቤት ነው። የምንበላው ሩዝና ነጭ ዳቦ ነው፣ ሥራ ስለሚበዛ ውሃም አልጠጣም። በየቀኑ ሰና መኪ ካልጠጣሁ ሆዴ አይሠራም። (ከጅዳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሰና መኪ አንጀትን እየገፋ የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ ለጥቂት ቀን ይረዳል። ያለ ሐኪም ምክር ከአንድ ሳምንት በላይ በየቀኑ መጠጣት ተቅማጥ ያመጣል፣ ከሰውነት ፖታሲየም ያስወጣል። በአንድ ቀን አያቁሙት፤ አሰሩንና ውሃውን እየጨመሩ በየሁለት፣ በየሦስት ቀን ያራርቁት።

እዚያው በቀላሉ የሚገኘው ፉል በ100 ግራም 5 ግራም ያህል አሰር አለው። የአደስ ሾርባ ያው የኛው ምስር ነው። ከነጩ ይልቅ ኹብዝ አስመር የሚባለውን ቡናማ ዳቦ ይምረጡ። አምስት መካከለኛ ተምር 3 ግራም ገደማ ነው። ውሃ ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ አሰር ያለ ውሃ ከተጨመረ ድርቀቱን ያባብሰዋል። ጠዋት ከሥራ በፊት ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ አንድ ጠርሙስ በሚሠሩበት አካባቢ ያስቀምጡ፣ ቀኑ ሳያልቅ 2 ሊትር ይድረሱ፤ ሽንትዎ ጠቆር ካለ ገና ነው። ቁርስ ከበሉ በኋላ ትልቁ አንጀት በራሱ ይነቃል፤ ያንን ሰዓት አይለፉት፣ የመጣውንም ለሥራ ብለው አይያዙት። ሲቀመጡ እግርዎን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ቢያደርጉ፣ ጉልበትዎ ከወገብዎ ከፍ ስለሚል ያለ ብዙ ማማጥ ይወጣል። ደም ካዩ ኪንታሮት ነው ብለው አይተዉት፣ ይታዩ።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፣ የደም ማነስ ስላለብኝ አይረን እወስዳለሁ። አሰር ብረትን ያግዳል ሲሉ ሰምቼ ምስር ተውኩ። ደረቅኩም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይመለሱበት። ብረትን በዋናነት የሚይዘው ፋይቴት የሚባል ከእህሉ ልባስ ጋር ያለ ንጥረ ነገር ነው። እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ከፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እንጀራ በዚህ በኩል ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ይጭመቁ፣ ቃሪያና ቲማቲም ያክሉ። ቡናና ሻይ ከምግብም ከኪኒኑም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ድርቀቱን ያመጣው ኪኒኑ ሊሆን ይችላል፤ አያቋርጡት፣ ለክትትል ሲሄዱ ይንገሯቸው፣ ዓይነቱን ወይም አወሳሰዱን ሊለውጡልዎ ይችላሉ። ሰገራዎ ቢጠቁር ከአይረኑ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ የምንገዛው እንጀራ የጤፉ ያህል አሰር አለው? ከፋርማሲ የሚሸጠው የፋይበር ዱቄትስ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ማሸጊያው ላይ ከምን እንደተሠራ የተጻፈውን ያንብቡ። ቅደም ተከተሉ በክብደት ነው፤ ጤፍ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ከሆነና የመጀመሪያው ነጭ የስንዴ ዱቄት ከሆነ እንጀራው በአብዛኛው ስንዴ ነው። አሜሪካ ውስጥ የምግብ ማሸጊያ ላይ ያለው የፋይበር መቶኛ የሚሰላው ከ28 ግራም ነው። 20 በመቶና ከዚያ በላይ ካለ ብዙ፣ 5 በመቶና ከዚያ በታች ካለ ጥቂት ይባላል። ያ ቁጥር ለአንድ እንጀራ ይሁን ለግማሽ መሆኑን ከላይ ያለውን ልክ አይተው ይለዩ። ቤት መጋገር ከቻሉ በኢዳሆ የሚመረት የጤፍ ዱቄት አለ።

ሲሊየም ከሚባል ተክል ዘር ልባስ የሚዘጋጀው የፋይበር ዱቄት ይሠራል፣ ኮሌስትሮልም ይቀንሳል፤ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይወሰዳል፣ ለተልባ የተናገርነው ጥንቃቄ ሁሉ ለእሱም ነው። የምስሩን ፕሮቲን፣ ብረትና ፎሌት ግን አይዝም። አንድ ኪሎ ምስር ደግሞ ከአንድ ቆርቆሮ ፋይበር ዱቄት በዋጋም ይረክሳል።